እንቁላልን በካሜራ መለካት

ይህ ባሕር ዳር ላይ ለዶሮ አርቢዎችና ለኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። በቃል የተናገርኩትን ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።

እንዴት አረፈዳችሁ! ቅዳሜን የመሰለ የገበያ ቀን ትታችሁ እዚህ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። እንቁላል ለሚሸጥ ሰው የገበያ ቀን ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ዳንግላ ገበያ ላይ ከገጠመኝ ነገር ልጀምር። እንቁላል ሰብስበው የሚነግዱ አንዲት እናት አሉ። አንድ ቀን እንቁላላቸውን በጨርቅ ላይ ደርድሬ በስልኬ ከላይ ፎቶ ሳነሳ አዩኝ።

«ምን እያደረግህ ነው ልጄ?»

«መጠኑን እየለካሁ ነው እትዬ።»

«ሚዛን እያለ?»

ዝም አልኩ። እሳቸው ደግሞ ቅርጫቱን ሳብ አደረጉና እያወሩኝ ይለዩ ጀመር። እያንዳንዱን በመዳፋቸው ያነሳሉ፣ ለአፍታ ያህል ይይዙታል፣ ከዚያ ወይ ወደ ቀኝ ወይ ወደ ግራ። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። በኋላ ሁለቱን ክምር በሚዛን አየሁት። ከጥቂቶቹ በቀር ትክክል ነበሩ። እጃቸው ሚዛን ነው።

ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ ካሜራ ከእሳቸው እጅ ይበልጣል ብዬ አይደለም። ካሜራው ምን እንደሚያይና ምን እንደማያይ ላስረዳችሁ ነው። ይህን ካላወቅን መሣሪያው ያሳስተናል። እኔን አሳስቶኛል፣ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን ለምን እንለያለን? በእኛ ገበያ እንቁላል የሚሸጠው በቁጥር ነው። ትልቁም ትንሹም አንድ ዋጋ። ማልዶ የመጣ ገዢ ትልልቁን መርጦ ይሄዳል። ረፋድ ላይ የመጣው የተረፈውን በዚያው ዋጋ ይገዛል። ዶሮዎቹን በደንብ ቀልቦ ትልቅ እንቁላል ያመጣው ገበሬም ከሌላው የተለየ አያገኝም። ይህ ለማንም ፍትሐዊ አይደለም። ለሆቴልና ለኬክ ቤት የምታቀርቡ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ እነሱ በአንድ ትሪ ላይ ያሉት 30 እንቁላሎች እኩል እንዲሆኑላቸው ይፈልጋሉ።

ሌላው ምክንያት ጫጩት ነው። ለማስታቀፍም ሆነ ለመፈልፈያ ማሽን የሚመረጠው መካከለኛው እንቁላል ነው። በጣም ትንሽ ከሆነ ጫጩቱ ትንሽ ይሆናል፤ የጫጩት ክብደት ከእንቁላሉ ክብደት ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነውና። በጣም ትልቁ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይፈለፈልም፣ አንዳንዴም ሁለት አስኳል ያለው ይሆናል። 21 ቀን ሙሉ ዶሮዋን ወይም መብራቱን በማይሆን እንቁላል ላይ ማባከን ያሳዝናል።

አሁን ወደ ካሜራው እንግባ።

ስልካችሁ ላይ ያለ ፎቶ ዙም አድርጉት፣ ደግማችሁ ዙም አድርጉት። መጨረሻ ላይ ትንንሽ ካሬዎች ታያላችሁ። እነሱ ፒክስል ይባላሉ። ለኮምፒውተሩ እያንዳንዱ ካሬ ቁጥር ነው። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ድፍን ጥቁር 0 ነው፣ ድፍን ነጭ 255 ነው፣ ግራጫው ሁሉ በመካከል ነው። ኮምፒውተሩ እንቁላል የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው የቁጥር ሰሌዳ ብቻ ነው።

ነጭ እንቁላል በጥቁር ጨርቅ ላይ ብናስቀምጥ የእንቁላሉ ቁጥሮች ትልልቅ፣ የጨርቁ ትንንሽ ይሆናሉ። በመካከላቸው አንድ መለያ ቁጥር እንመርጣለን። ከሱ በላይ ያለው እንቁላል ነው፣ ከሱ በታች ያለው ጨርቅ ነው። በቃ። ግን መለያው ስንት ይሁን? ጠዋት በመስኮት ብርሃን 120 ጥሩ ሆኖ ከሰዓት ደመና ሲሆን አይሠራም። መብራት ሲዋዥቅማ ጭራሽ። ለዚህ ኖቡዩኪ ኦትሱ የሚባል ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመው ዘዴ አለ። ፎቶው ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች ሁሉ ይቆጥርና ሁለቱን ወገን በደንብ የሚለየውን መለያ ራሱ ፈልጎ ያገኛል። ለእያንዳንዱ ፎቶ አዲስ መለያ ማለት ነው። ተማሪዎች፣ ኦፕንሲቪ በሚባለው ነፃ የፕሮግራም ስብስብ ውስጥ ይህ በአንድ መስመር ትእዛዝ ይሠራል።

ጨርቁ ግን ከፕሮግራሙ በላይ ያስጨንቃል። እኔ መጀመሪያ ጥቁር ላስቲክ ተጠቀምኩ። ላስቲክ ያብለጨልጫል። ብልጭታው 255 ይሆናል፣ ኮምፒውተሩም እንቁላል ነው ይላል። ከፈይ ጨርቅ አያብለጨልጭም፣ እሱ ይሻላል። ቡናማ እንቁላል ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ጠቆር ያለው ቡናማ በጥቁር ጨርቅ ላይ ጠርዙ ይጠፋል። መፍትሔው ሰማያዊ ጨርቅ ነው። ባለ ቀለም ፎቶ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ የተሠራ ነው። ቡናማ ውስጥ ቀይ ብዙ አለ። ሰማያዊ ጨርቅ ውስጥ ቀይ የለም ማለት ይቻላል። ቀዩን ብቻ ነጥለን ብናየው ነጩም ቡናማውም እንቁላል ቦግ ብሎ ይወጣል፣ ጨርቁ ይጨልማል። ይህን ያገኘሁ ቀን የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም።

ሁለት ነገር ቶሎ ልበልና ልለፍ። እንቁላሎቹ ከተነካኩ ኮምፒውተሩ አንድ ትልቅ እንቁላል አድርጎ ያያቸዋል። በፕሮግራም መለየት ይቻላል፣ ግን ከካርቶን የተቆረጠ መከፋፈያ ይቀላል። ደግሞ ትሪ ላይ እንዳለ ፎቶ አታንሱ። ትሪ ላይ እንቁላል ቆሞ ነው የሚቀመጠው። ከላይ ስታዩት ወርዱ እንጂ ርዝመቱ አይታይም። በጎኑ ተጋድሞ መሆን አለበት።

እንቁላሉ ከተለየ በኋላ ድንበሩን ተከትለን ርዝመቱንና ወርዱን በፒክስል እንለካለን። ከፒክስል ወደ ሚሊሜትር ለመለወጥ መጠኑን የምናውቀው ነገር አብሮ ፎቶው ውስጥ መኖር አለበት። እኔ የአንድ ብር ሳንቲም ተጠቀምኩ። ስፋቷን በማስመሪያ ለክቼ፣ ፎቶው ላይ ስንት ፒክስል እንደሆነች አይቼ፣ ማካፈል ነው።

ከዚያ ክብደት። ርዝመቱን በወርዱ አባዙ፣ ያንን እንደገና በወርዱ አባዙ፣ ከዚያ በ0.51 አባዙ። ይህ የእንቁላልን ይዘት ለመገመት የታወቀ ስሌት ነው። ለምሳሌ ርዝመቱ 5.6፣ ወርዱ 4.2 ሴንቲሜትር የሆነ እንቁላል ይዘቱ 50 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ገደማ ይመጣል። ትኩስ እንቁላል ከውኃ ትንሽ ይከብዳል፣ አንዱ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.08 ወይም 1.09 ግራም ነው። ስለዚህ እንቁላላችን 55 ግራም አካባቢ ነው።

ወርዱ ሁለት ጊዜ መባዛቱን ልብ በሉ። ርዝመት ላይ አንድ ሚሊሜትር ብንሳሳት ክብደቱ በ1 ግራም ገደማ ይዛነፋል። ወርድ ላይ አንድ ሚሊሜትር ብንሳሳት ግን ከ2 ግራም ተኩል በላይ። ጥንቃቄያችን ሁሉ ወርዱ ላይ መሆን አለበት።

አሁን እኔን ያሳሳተኝን ልንገራችሁ። ስልኩን ከጠረጴዛው 40 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጌ አሰርኩት። ሳንቲሟን ከእንቁላሉ ጎን ጨርቁ ላይ አስቀመጥኩ። ፎቶ አነሳሁ፣ አሰላሁ። 55 ግራም የሚመዝነው እንቁላል 64 ግራም ሆኖ መጣ። ሌላ ሞከርኩ፣ እሱም ከፍ አለ። ሁሉም ከፍ አሉ። ፕሮግራሙን አፈረስኩት፣ እንደገና ጻፍኩት። ያው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ጥፋቱን ኮዱ ውስጥ ስፈልግ ነበር።

ጥፋቱ ኮዱ ውስጥ አልነበረም። ሳንቲሟ ጨርቁ ላይ ተኝታለች። እንቁላሉ ግን በጣም ሰፊ የሆነበት ቦታ ጨርቁ ላይ አይደለም። ከጨርቁ 2 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ነው፣ ወገቡ ላይ። ለካሜራው የቀረበ ነገር ትልቅ መስሎ ይታያል። ሳንቲሟ 40 ሴንቲሜትር ርቃ፣ የእንቁላሉ ወገብ 38 ሴንቲሜትር ላይ። ልዩነቱ ከ5 በመቶ እምብዛም አይበልጥም፣ ምን አላት ትላላችሁ። ግን ስሌቱ ውስጥ ርዝመት አንዴ፣ ወርድ ሁለቴ ይባዛል። 5 በመቶዋ ሦስት ጊዜ አንዷ በሌላዋ ላይ ተደራርባ ወደ 17 በመቶ ትደርሳለች። መካከለኛው እንቁላል ትልቅ ሆኖ ተሸጠ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። 2 ሴንቲሜትር ከፍታ ያለው እንጨት ቁረጡና ሳንቲሟን እሱ ላይ አስቀምጡ። ከእንቁላሉ ወገብ ጋር እኩል ትሆናለች። ካሜራውንም አንድ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት። ስሕተቱ አብሮ ይቀንሳል። ይህ እንጨት ከፕሮግራሙ ሁሉ ይበልጥ ጠቀመኝ።

አሁን ወደ እኛ ነገር ልምጣ።

አውሮፓ ውስጥ ለእንቁላል መጠን ሕግ አለ። ከ53 ግራም በታች ትንሽ፣ ከ53 እስከ 63 መካከለኛ፣ ከ63 እስከ 73 ትልቅ፣ ከዚያ በላይ በጣም ትልቅ። ኢንተርኔት ላይ የምታገኟቸው የእንቁላል መለያ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ የሚነሱት ከዚህ ወይም ከአሜሪካው ሠንጠረዥ ነው። እዚህ እንዳለ ብናመጣው ምን ይሆናል? የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ብዙውን ጊዜ 40 ግራም አካባቢ ነው። የጎጃም የሐበሻ እንቁላል በሙሉ «ትንሽ» ተብሎ አንድ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ማሽኑ ምንም አልለየም ማለት ነው። ይባስ ብሎ ስሙን አጠፋው።

ገበያ የሚወጣ ሰው ይህን አይቀበልም። የሐበሻ እንቁላል ለአስኳሉ ቀለምና ለጣዕሙ ተፈልጎ ከፈረንጁ በላይ ይሸጣል። ለዶሮ ወጥ ማን ነው የፈረንጅ የሚመርጥ? የአካባቢያችን ዶሮዎች ተራ ነገር አይደሉም። ከእንጅባራ ወደ ቡሬ ስትሄዱ መንገድ ላይ ያለችው የቲሊሊ ከተማ ስሟ በኢትዮጵያ አገር በቀል ዶሮዎች ጥናት ውስጥ ለአንድ የዶሮ ዓይነት መጠሪያ ሆኗል። ስለዚህ የሐበሻው ለብቻው፣ የፈረንጁ ለብቻው ይለይ። ለየራሳቸው ድንበር ይውጣላቸው። ድንበሩን ደግሞ ከመጽሐፍ አትቅዱት። ከራሳችሁ ቅርጫት 100 እንቁላል መዝኑ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሩ፣ ሦስት ቦታ ክፈሉ። ያ የእናንተ ሠንጠረዥ ነው።

ዶሮዎች እያረጁ ሲሄዱ እንቁላላቸው እንደሚተልቅም አትርሱ። ገና መጣል የጀመረች ቄብ የምትጥለው ትንሽ ነው። ድንበሩን በየጊዜው እያዩ ማደስ ያስፈልጋል። እንዲያውም ለአርቢ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ካሜራው በየቀኑ የለካውን ይመዘግባል። የመንጋው አማካይ በሳምንት ውስጥ ወረድ ካለ፣ መኖው ላይ ወይም ውኃው ላይ ወይም ሙቀቱ ላይ አንድ ነገር ሆኗል። እንቁላሉ ቀድሞ ይነግራችኋል።

ቀጥሎ ጾም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ዶሮዋ ግን ጾም ገባ ብላ መጣል አታቆምም። እንቁላሉ ጭድ ውስጥ ለፋሲካ ይጠራቀማል። ቅርፊቱ በዓይን የማይታዩ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉት። በእነሱ በኩል ውኃው ቀስ እያለ ይተንናል። በሰፊው ጫፍ ያለው የአየር ከረጢት ይሰፋል። ክብደቱ ይቀንሳል። ቅርፊቱ ግን አይሸበሸብም! ርዝመቱ ያው፣ ወርዱ ያው። ካሜራው የዛሬውንና የከረመውን እንቁላል አንድ ያደርጋቸዋል። 55 ግራም ይላል፤ ሚዛኑ 51 ይላል።

እናቶቻችን ይህን በውኃ ነው የሚያውቁት። ትኩሱ ይሰምጣል፣ የቆየው ይቆማል፣ በጣም የቆየው ይንሳፈፋል። ትምህርት ቤት እፍግታ ብለን የተማርነውን እነሱ በቅል ውኃ ሲለኩ ኖረዋል።

እዚህ ላይ ነው የዳንግላዋ እናት ጥያቄ የተመለሰልኝ። ሚዛን እያለ ካሜራ ለምን? ለክብደት ብቻ ከሆነ ሚዛኑ ይበልጣል፣ እውነቱ ይህ ነው። በውጭ አገር በሰዓት ብዙ ሺህ እንቁላል የሚለዩት ትልልቅ ማሽኖችም ክብደትን የሚያውቁት በሚዛን ነው። ካሜራቸው የሚሠራው ቆሻሻና ስንጥቅ ለማየት ነው። ካሜራና ሚዛን አብረው ሲሠሩ ግን ሁለቱም ለየብቻቸው የማያውቁት ነገር ይወጣል። ካሜራው ይዘቱን ይሰጣል፣ ሚዛኑ ክብደቱን። ሁለቱ ከተስማሙ እንቁላሉ ትኩስ ነው። ካልተስማሙ ቆይቷል። ውኃ ውስጥ ሳንከት፣ ቅርፊቱን ሳናረጥብ። የታጠበ እንቁላል ቶሎ እንደሚበላሽ ታውቃላችሁና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጥንቃቄ ግን አለበት። እንቁላል ትኩስ ከሆነበት ጊዜ አንሥቶ እስኪንሳፈፍ ድረስ የሚያጣው ክብደት 8 በመቶ አካባቢ ነው። ወርድ ላይ አንድ ሚሊሜትር መሳሳት ብቻውን ወደ 5 በመቶ ያመጣል። ስለዚህ አንድ እንቁላል ለይታችሁ «ይኼ አርጅቷል» አትበሉ። የአንድ ትሪ አማካይ ግን ይታመናል፤ አንዱ ወደ ላይ ሲሳሳት ሌላው ወደ ታች ይሳሳታልና። ከአንድ ነጋዴ የመጣ ሙሉ ትሪ ከሚጠበቀው በታች ከመዘነ፣ መቼ የተጣለ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ካሜራው ለአስታቃፊዎችም ሚዛን የማይሰጠውን አንድ ነገር ይሰጣል፤ ቅርፅን። ወርዱን ለርዝመቱ አካፍሉ። ከላይ የጠቀስኩት እንቁላል 0.75 ይመጣል፣ እሱ መልካም ሞላላ ነው። ኳስ የመሰለው ወደ 1 ይጠጋል። ቀጭን ረጅሙ ዝቅ ይላል። ሁለቱም ለመፈልፈል አይመረጡም። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ አንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል አለ። እዚህ ያላችሁ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ የምትፈልጉ ከሆነ፣ ዶሮ የሚያውቁ ሰዎች ያሉት ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ነው። ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት እነሱን አነጋግሩ። ገበያ ያሉትን እናቶችም አነጋግሩ። እኔ ከሁለቱም ነው የተማርኩት።

ዋጋውን የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ስልክ አላችሁ። ሰማያዊ ጨርቅ፣ ከካርቶን የተሠራ መከፋፈያ፣ 2 ሴንቲሜትር እንጨት፣ የአንድ ብር ሳንቲም፣ የወጥ ቤት ሚዛን። መብራት ቢጠፋ ስልኩ ባትሪ አለው፣ ብርሃኑን መስኮቱ ይሰጣል። ፀሐይ በቀጥታ እንዳይመታው ብቻ መስኮቱ ላይ ስስ ነጭ ጨርቅ ጣል አድርጉ፤ ያለዚያ ጥላው ከእንቁላሉ ጋር ይለካል።

ከፊት የተቀመጡት እህቴ እጃቸውን አውጥተዋል። ይጠይቁ።

«ማሽኑ የሐበሻውን ከፈረንጁ ራሱ ይለየዋል ወይ? ነጋዴዎች እየቀላቀሉ አስቸግረውናል።»

ጥሩ ጥያቄ ነው። በቀለም እንዳትተማመኑ። የሐበሻ ዶሮ ነጭም ትጥላለች፣ ክሬምም፣ ቡናማ የሚመስልም ትጥላለች። በመጠንም ቢሆን ትልቁ የሐበሻና ትንሹ የፈረንጅ፣ በተለይ የቄብ እንቁላል፣ አንድ ቦታ ይገናኛሉ። አብዛኛውን ይለያል፣ ሁሉንም አይለይም። 50 እንቁላል የሐበሻ ነው ተብሎ መጥቶ ግማሹ 60 ግራም ከሆነ ግን መቀላቀሉን ያሳያችኋል። አንዱን እንቁላል ሳይሆን ቅርጫቱን ነው የሚያጋልጠው።

ጠረጴዛው እዚያ ጥግ ላይ ነው። ከዛሬ ጠዋት ገበያ ሁለት ትሪ ገዝቻለሁ፣ አንዱ የሐበሻ ነው ተብዬ ነው የተሸጠልኝ። ኑና አብረን እንለካው።